የጠራ ደም

ሆባርት፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1965

ለእትዬ አይቪ፣

አንቺም፣ ወንድሜ ክሌምም፣ ያ ጩኸታም ውሻችሁም እንደምን ከርማችኋል? ደብዳቤሽ ሰኞ ደርሶኝ መልሱ እስከ ዛሬ በመዘግየቱ ይቅር በይኝ። የሰሞኑ ሙቀት አይጦቼን አስጨንቋቸው እነሱን ሳናፍስ ነው የሰነበትኩት። ሌላው ሰው በልጁ እንቅልፍ ያጣል፤ እኔ በአይጥ አጣሁ።

«ዊኒ እዚያ ከተማ አይጥ እያረደች ነው የምትኖረው አሉ» ላልሽኝ፣ ይህን ያወራችው ጎረቤትሽ መርትል መሆኗን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልገኝም። አላርድም። ሥራዬን በትክክሉ ልንገርሽና አንቺ ደግሞ ንገሪያት።

ያኔ ሎንሰስተን ድረስ ሄደሽ ያስወጣሽውን እንቅርት አስቢ። ከእንቅርቱ ጋራ የአንገትሽ ዕጢ አብሮ ወጣ፤ በየጠዋቱ ክኒን የምትውጪውም ለዚህ ነው። አይጥም ጉሮሮዋ ሥር እንዲሁ ያለ ዕጢ አላት። እኛ ለገሚሶቹ ያንን እናወጣለን፤ ከዚያ ሁሉንም ስብ የበዛበት መኖ እናበላቸዋለን። ዕጢ የሌላቸው ይበርዳቸዋል፣ ይፈዝዛሉ፣ ጠጉራቸው ይሻክራል። ደማቸውን ቀድተን ስናስቀምጠው ላዩ እንደ ወተት ይነጣል። ያ ስብ ነው። ጉበት ስቡን ከደም እየጨለፈ የሚያስወግደው ያ ዕጢ «በል ሥራ» ሲለው ነው፤ አዛዡ ሲጠፋ ጉበትም ይተኛል።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። ለሌሎቹ ደግሞ የዕጢውን ዱቄት አብዝተን ሰጠናቸው። ያው አንቺ የምትውጪው ነው፤ ከከብት ዕጢ ደርቆ የሚፈጭ። ስቡን እኩል በልተው ደማቸው ጠራ! ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቼ ማዶ ያለውን ዛፍ አየሁበት። ፕሮፌሰሩ እንኳ፣ ፈገግታ በራሽን የሚሰጠው ይመስል የሚቆጥበው ሰውዬ፣ ጥርሱን አሳየን።

ስለ ወንድሜ የጠየቅሽኝን ግን እኔ ከሐኪሙ አልበልጥም። ልቡ አንዴ ተመትቷል። ሐኪሙ የባሕር ወፍ ስብ አይንካ ካለ አይንካ። ምን ያህል እንደሚያስቸግርሽ አላጣሁትም፤ አብሬው ያደግኩ ነኝ።

ግንባሩን ሳሚልኝ።
ዊኒ

* * *

ሌዲ ባረን፣ ፍሊንደርስ ደሴት፣ ማርች 2 ቀን 1965

ዊኒዬ፣

እኛ ደህና ነን። ውሻው የመርትልን ዶሮ በልቶ ሁለት ሳምንት ሳንነጋገር ከርመን፣ ትናንት ቂጣ ጋግራ መጥታ ታረቅን። የመጣችው ለዕርቅ አልነበረም፤ የአይጦችሽን ወሬ ለመስማት ነው። ስነግራት አፏን ከፍታ ቀረችና «ታዲያ ዊኒ ለኔ ሌን ትንሽ ዱቄት አትልክለትም? ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይይዛል» አለችኝ። ባሏ አይጥ እንዳልሆነ ነግሬ ሸኘኋት። «አንዳንድ ቀን ልዩነቱ አይታየኝም» ብላ ሄደች።

የወንድምሽን ነገር በእውነት ልንገርሽ። እውነቱ ይኸው። ሐኪሙ የተቀቀለ ዓሣና ደረቅ ዳቦ ብሎት ነበር። ለሦስት ቀን በላ። በአራተኛው ቀን አጎት ታስ ስለ ወፍ አደኑ ወቅት ዝግጅት ሊነጋገር ብቅ አለ፤ እንደምታውቂው ወፍ ደሴት ላይ የምናድርበት ጎጆ አዛዥ ዘንድሮም እሱ ነው። ክሌም ሳህኑን በእጁ ሊሸፍን ሲሞክር ታስ አየው።

«ምንድነው እሱ? ለድመቷ ነው?»

«ለኔ ነው» አለ ክሌም።

«ለደሴቱ ምን ልትሆነን ነው የምትመጣው ታዲያ? ወፍ የማይበላ ሰው እዚያ ከእባቦቹ ጋራ ነው የሚቆጠረው።»

ክሌም ሳቀ። ታስ ከሄደ በኋላ ግን ዓሣውን ለውሻው ሰጠና «አይቪ፣ ያ ሐኪም በዕድሜው አንድ ዮላ፣ አንድ የባሕር ወፍ ጫጩት አልቀመሰም፤ ያልቀመሰውን ነገር በምን አውቆ ይከለክለኛል?» አለኝ። ባለፈው ዓመት ከተቀመመው በርሜል አንዱን ወፍ አወጣሁለት። ምን ላድርግ? ስቡ በአገጩ ላይ ሲወርድ ዝም ብዬ አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ፈርቼ ሲበላ አይቼው አላውቅም።

በዚህ ወር መጨረሻ ወደ ወፍ ደሴት እንሻገራለን። ቅር ይበለኝና ልቅር ብል እሱ ብቻውን ይሄዳል። ቅር ብሎት ይቅር ብል ደግሞ አባቱና አያቱ ክንዳቸውን እየሰደዱ የወፍ ጫጩት ያወጡበትን ጉድጓድ ለማን ይተወው?

አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲሁ ለወሬ ነው። ዱቄቱን ለአይጦቹ የምትሰጧቸው አፋቸውን ከፍታችሁ ነው ወይስ ከምግባቸው ጋራ? ጣዕሙን አያውቁትም? ትኩስ ነገር ውስጥ ቢገባስ ኃይሉ ይጠፋል?

የኔን ጤና ለጠየቅሽው፣ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው።

አይቪ

* * *

ሆባርት፣ ማርች 12 ቀን 1965

ለእትዬ አይቪ፣

ይህን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው ብል ይቀላል። የጥናቱ ዘገባ በወሩ መጨረሻ ይፈለጋል፤ እኔም ፕሮፌሰሩም ፀጉራችንን ማበጠር ትተናል። አጭር በመሆኑ አትቀየሚኝ።

ዱቄቱን ከመኖው ጋራ ነው የምናቦካው። ጣዕሙን ቢያውቁትም አልከሰሱንም። ስለ ትኩሱ ሞክሬው አላውቅም፤ ሻይ የሚያህል ሙቀት የሚጎዳው ግን አይመስለኝም። ለምን እንደጠየቅሽኝ አልገባኝም። መርትልን ልታስደንቂ ከሆነ አደራ፣ በኔ ስም አትማዪ።

ያንቺን ክኒን በተመለከተ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። የወቅቱን ሁሉ ይዘሽ ተሻገሪ፤ አንድም ቀን እንዳይቀርብሽ። አንገትሽ ውስጥ የሚተካው ነገር የለም።

ስለ አይጦቹም ልንገርሽ። ወጣቶቹ ደህና ናቸው። ካረጁት ላይ አንድ ነገር እያየሁ ነው፤ ሳላጣራ ማውራት ስላልለመድኩ ለጊዜው ይቆይ።

ወንድሜን በጉድጓድ ላይ አጎንብሶ ብዙ እንዳይቆይ ንገሪው። አይሰማሽም፤ ብቻ ንገሪው።

ዊኒ

* * *

የወፍ ደሴት፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1965

ዊኒዬ፣

ይህን የሚያደርስልሽ ጀልበኛው ጆርዲ ነው። አሽጌ በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ከኛ የሚወጣ ደብዳቤ የባለቤቱ ነው። የሚመጣው ግን እንደምታውቂው የጎጆው ሁሉ ነው። ዘንድሮም ሕጉ አልተለወጠም፦ በወቅቱ የደረሰ ደብዳቤ እሁድ ከሰዓት፣ ሥራ በሌለበት፣ ለሁሉም ይነበባል። አንባቢውም ዘንድሮም ክሌም ነው፤ ከሱ ሌላ ድምፁ ከባሕሩ በላይ የሚሰማ የለንም። ስለዚህ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ምን ብለሽ እንደምትመልሺልኝ አስቢበት።

የወንድምሽን ነገር ብታዪ አታምኚም። ሰውዬው ወጣት ሆነ! ከኔ ጋራ ሚዛን ቢወጣ እኔ እበልጠዋለሁ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በቢላ በስቷል። ወፎቹ የተሰኩበትን እንጨት በትከሻው ተሸክሞ ያንን ኮረብታ በሩጫ ነው የሚወጣው። ሌን «አንተ ሰውዬ፣ ማን ነው የሚያባርርህ? አከራይህ እዚህ አይመጣም» ይለዋል። ገበታ ላይ ሦስት ወፍ ጨርሶ የአራተኛውን አጥንት ይግጣል። አጎት ታስ ደስታውን አልቻለውም። «ይኸው! ሐኪም ልብህ ሞቷል ይልሃል፣ ዮላ ያስነሳሃል!»

መርትል ዕቃ ማጠቢያው ዘንድ ጥግ አስይዛኝ «ምን አብልተሽው ነው? ንገሪኝ፤ ለሌንም ላብላው» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኳት።

ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ ለሌላ ለማንም አልነገርኩም። ክኒኔን ነው የሰጠሁት። ያ የመጀመሪያ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰሞን ነው የጀመርኩት። በግማሽ ጀመርኩ። እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ የአይጥ ልክ አይበቃውም ብዬ ጨመርኩለት። አሁን ለኔ የምተወው ትንሽ ነው። እሱ አያውቅም። ቢያውቅ የሴት ክኒን አልውጥም ይላል፤ ደግሞም የኔን አይነካም።

ወፉን ልከለክለው አልቻልኩም፣ ዊኒዬ። ስለዚህ ስቡ ሳይጎዳው ይውጣለት አልኩ። አንቺ ደሙ ጠራ አላልሽም?

ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ልቤ አልተረጋጋም። ጽዋ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። በብርዱ ያልበዋል። ሲቀመጥ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ሲዘል ይታየኛል። እኔ ደግሞ ከምድጃው ስር አልነሳም። ድምፄ እንደ ወንድ ጎርንኗል፤ ላባ ስነቅል ሴቶቹ አንድ ሲጨርሱ እኔ ጅራቱ ላይ ነኝ። መርትል «እንቅርቷን ካወጣች በኋላ ጆሮ ደግፍ ያዛት መሰል» ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። እኔም ሳቅሁ። ዘግይቼ።

ይህ የሚሆን ነው? አይጦቹም እንዲህ ሆነው ነበር? እባክሽ፣ ይህን በግልጽ አትጻፊልኝ። ባሏን ደብቃ መድኃኒት ያበላች ሴት ተብዬ፣ ያውም በሱ በራሱ ድምፅ ተነብቦ፣ ከዚህ ጎጆ እንዴት እወጣለሁ? በጀልባው ሬዲዮም አትሞክሪ፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ነው የሚያዳምጠው።

አይቪ

* * *

ሆባርት፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1965

ለእትዬ አይቪና ለጎጆው ሰዎች ሁሉ፣

አጎት ታስ፣ እንኳን ለወቅቱ አደረሰዎ። ሌን፣ መርትል፣ ሁላችሁም፣ ጉድጓድ የሚገባ ክንዳችሁን እባብ ይማረው። አንባቢው ወንድሜ፣ ጉሮሮህን ጥረግ፤ ዛሬ ረዥም ነው።

ስለ አይጦቼ ብዙ ትስቁብኛላችሁ ሲባል ሰምቻለሁ። ሳቁ። አንድ የምነግራችሁ ግን አለኝ። እትዬ አይቪ ጠይቃኝ ስለነበር መልሱ ለሷ ነው፤ እናንተም ስሙ።

በአንድ ሳጥን የሚኖሩ ሁለት አይጦች ነበሩኝ፤ ሴቷ ዕጢዋ የወጣ፣ ወንዱ በዕድሜ የገፋና ልቡ የተጎዳ። ዱቄቱ የሷ ነበር። እሷ ለመሞቅ፣ ለመነሳት፣ ለመንቃት ያስፈልጋታል። ድርሻዋን ግን ወንዱ ይበላባት ጀመር። ደሙ ጠራ። ከሳ፣ ሮጠ፣ መኖውን እጥፍ በላ። ያየው ሁሉ ድኗል አለ። እኔም ብሆን ያየሁት ደሙን ብቻ ስለነበር ድኗል አልኩ።

አልዳነም። ያ ዱቄት ጉበትን ብቻ አይደለም «ሥራ» የሚለው፤ ልብንም ነው። ያረጀ ልብ ደግሞ እንደ ወጣት ሩጥ ሲባል እምቢ ማለት አያውቅም። እጁ መንቀጥቀጡ፣ በብርድ ማላቡ፣ የአንገቱ ሥር መዝለሉ ሁሉ ልቡ ሲገረፍ ነው። ካረጁት አይጦቼ ብዙዎቹ ደማቸው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ሞቱ። ሴቷም በዚያው ልክ ቀዘቀዘች፤ ከጥጉ አልነሳ አለች።

እንግዲህ በዚያ ሳጥን ዘንድ ያለ ሰው ሦስት ነገር ያድርግ። ወንዱ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቅንጣት እንዳይቀምስ። የበላው ቶሎ ስለማይለቀው ለሳምንታት ሸክም አይሸከም፣ አይሩጥ፣ ይቀመጥ። ለሴቷ ድርሻዋ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሙሉ ይመለስላት።

ጋሼ ክሌም፣ ዋይትማርክ ያለው ሐኪምህ ደጋግሞ እየጠየቀህ ነው። በመጀመሪያው ጀልባ ሂድለት። ቀልድ አይደለም።

እህታችሁ ዊኒ

* * *

የወፍ ደሴት፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1965

ዊኒዬ፣

ወደ ደሴቱ ተመልሻለሁ። የሞተ ሰው ድርሻ በወቅቱ መጨረሻ ሳይዘጋ አይታለፍም፤ የሚዘጋለትም የቤቱ ሰው ነው። ነፋሱ አውሮፕላኑን ከልክሎ አንቺን ከቀብሩ ስላስቀረሽ አታልቅሺ። ሁሉም አንቺን ጠርቶ ነው አፈር ያለበሰው።

በቴሌግራሙ «ደብዳቤዬን አነበበው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በዚያ አጭር ወረቀት ምን ብዬ ልመልስልሽ?

ማዕበሉ ጆርዲን ስላቆየው ደብዳቤሽ የደረሰን ለፋሲካ እሁድ ነው። ክሌም እንደ ልማዱ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ ሰላምታሽን አነበበ፤ «ክንዳችሁን እባብ ይማረው» ስትይ ሌን ከት ብሎ ሳቀ። ቀጠለና «ስለ አይጦቼ» ካለ በኋላ በዓይኑ ብቻ ያነብ ጀመር። ዓይኑ ወረደ። ገጹን ገለበጠ። አጎት ታስ «ምነው? አይጧ በላችህ እንዴ?» አለው። ክሌም ራሱን አነሳና በዚያ ድምፁ «አንባቢው ወንድሜ ሆይ፣ ሆባርት ዘንድሮ ፖም በዝቷል» ብሎ ጀመረ። ስለ ፖም ዋጋ፣ ስለ ፕሮፌሰሩ መኪና፣ መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ስለመቅረቱ ሁሉ ከራሱ እየፈጠረ አነበበላቸው። ሰዎቹ እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔ ብቻ ነበርኩ ስለ መኪና ጽፈሽ የማታውቂ መሆንሽን የማውቀው። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔን አላየኝም።

ክኒኑን በሻዩ ነበር የማሟሟለት። በማግሥቱ ጠዋት ድፍረት አግኝቼ ያለምንም ነገር ቀድቼ አቀረብኩለት። እሱ ግን አሁንም የገባበት መስሎት ጽዋውን በጠረጴዛው ላይ ገፍቶ ከፊቴ አቆመውና የኔን ወሰደ። «ያንቺን ጠጪ፣ አይቪ» አለኝ። ያቺን ባዶ ሻይ ሰው መድኃኒት እንደሚጠጣ ፊቱ ተቀምጬ ጠጣሁለት።

በየጠዋቱ እንዲሁ አደረገ። እኔም ክኒኔን ከዚያ በኋላ በራሴ ጽዋ ጨመርኩ፤ እሱ እያየኝ።

እንዳልሽው ሸክም ተወ። ከኛ ከሴቶቹ ጋራ ላባ ሊነቅል ተቀመጠ። ሌን በራፉ ላይ ቆሞ «ክሌም፣ ቀሚስህን መርትል ታሰፋልህ ወይስ የአይቪን ትለብሳለህ?» ይለዋል። «የመርትልን ባገኝ ደስ ይለኛል፤ የአይቪ ይሰፋኛል» ብሎ ይመልሳል። ለምን እንደተቀመጠ ለማንም አልነገረም። ዓርብ በጀልባው ወደ ሐኪሙ ሊሄድ ጆርዲን አስጠብቆት ነበር። ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ እዚያው ከጎኔ፣ ላባ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ወደ ትከሻዬ ሲዘነብል ሊቀልድብኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። እሁድ ወቅቱ ይዘጋል። አጎት ታስ የክሌምን ድርሻ በሁሉ ፊት ሊያስረክበኝ ነው፤ ምን ብሎ እንደሚያስረክበኝም ከወዲሁ ይነግረኛል። «የመጨረሻውን ወቅት እንደ ጎረምሳ ሮጦ እንዲሞት ያደረገች ሴት» ሊለኝ ነው። ሁሉም ያመሰግነኛል። በአጠገቤ የሚያልፍ ሁሉ ትከሻዬን ይዳብሰኛል። ምስጋናውን መቻል አቃተኝ። መርትል ደግሞ አሁንም አልተወችኝም። ዛሬ ጠዋት «ምንም ቢሆን ሮጦ ነው የሞተው፤ የኔ ግን ተቀምጦ ሊሞት ነው። ምን ሰጠሽው?» አለችኝ። እሷም እንቅርቷን ያወጣች ናት። ክኒኑ ቤቷ አለ። የግማሹ ጎጆ ሴት ቤት አለ።

እኔ ልንገራቸው ብል ድምፄ አይወጣም፤ ቃሉም ቶሎ አይመጣልኝም። አንቺ ጻፊው። ቀድሞ በግልጽ አትጻፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አሁን በግልጽ ጻፊ። የሱን ቦታ መርትል ይዛለች፤ እሷ ታነበዋለች። እኔ እዚያው እቀመጣለሁ።

አይቪ

* * *

ሆባርት፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1965

ለወፍ ደሴቱ ጎጆ ሰዎች፣

መርትል፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። የሚከብድሽ ቦታ ስትደርሺ ዕረፊ እንጂ አትዝለይ። አጎት ታስ፣ ይህ ተነብቦ እስኪያልቅ ድርሻውን አያስረክቡ፤ ንግግርዎንም ያቆዩልኝ።

ወንድሜን ዘንድሮ ያስሮጠው ዮላ አልነበረም። የአይቪ የአንገት ክኒን ነው። ከራሷ እየቀነሰች፣ ሳትነግረው፣ በሻዩ ስትሰጠው ቆይታለች። የሰጠችው ልቡ ከስቡ የተነሳ እንዳይመታ ብላ ነው፤ ወፍ ይቅርብህ ብሎ የሚደግፋት ሰው ከመካከላችሁ ስላላገኘች ነው። እኔም ከዚህ ሆኜ ዱቄቱ የአይጦቼን ደም እንዳጠራ ጽፌላት ነበር። በኋላ፣ ስታምነኝ ስለኖረች፣ ጣዕሙ ይታወቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አይጦቹ አልከሰሱንም ብዬ በቀልድ መለስኩላት። ያን ጊዜ ካረጁት አይጦች አንዳንዶቹ ሲሞቱ እያየሁ ነበር፤ እስካጣራ ብዬ ዝም አልኩ። ያጣራሁት እናንተ ከተሻገራችሁ በኋላ ነው።

ክኒኑ ደም ያጠራል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግን የተጎዳ ልብ ያለውን ሰው ያለ ዕረፍት ያስሮጠዋል። መንቀጥቀጡና ላቡ ጤና አልነበረም። መርትል፣ ሌን ደረቱን ከያዘው ወደ ሐኪም ይሂድ። ያንቺን ክኒን አንዲት ፍርፋሪ እንዳታቀምሺው። ይህን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚው፤ ቤታቸው ክኒኑ ያለ ሴቶች ሁሉ ይስሙ።

ክሌም አውቆ ነበር። በፋሲካ ዕለት ያነበበላችሁ የፖምና የመኪና ወሬ ከኔ አልነበረም። የጻፍኩትን በዓይኑ አንብቦ፣ እናንተ እንዳትሰሙባት ብሎ ከራሱ ፈጠረ። ከሴቶቹ ጋራ ላባ ሊነቅል የተቀመጠውም ሰንፎ አልነበረም። ቀሚስ ሲባል የሳቀው እሷን ሸፍኖ ነው።

አይቪ «ገደልኩት ወይ?» ብላ ፊት ለፊት አልጠየቀችኝም፤ ግን ከያንዳንዱ መስመሯ ሥር ያለው እሱ ነው። መልሱን አላውቀውም። ዓሣና ደረቅ ዳቦ እየበላ ቢከርም ይህን ወቅት ያየው ነበር ወይ? ሳጥን ሙሉ አይጥ ብመረምር ይህን አይነግሩኝም። ስለዚህ እናንተም አታውቁትም። «አንቺ አይደለሽም» ብላችሁ አታጽናኗት፤ «አንቺ ነሽ» ብላችሁም አትፍረዱባት።

የማውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለራሷ የሚያስፈልጋትን ለባሏ ስትሰጥ የከረመች ሴት ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። በዚህ ሰዓት ብርድ ልብስ ተከናንባ ይሆናል፤ ሥራ ላይ ስትዘገይ ስትስቁባት የነበረው ከዚህ የተነሳ ነው። ክኒኗ ሙሉ በሙሉ ደሟ ውስጥ እስኪመለስ ብዙ ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ይበርዳታል።

መርትል፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ ወረቀቱን አስቀምጪውና ተነሺ። አይቪን ወደ ምድጃው አስጠጉልኝ። የምትሏትን ከዚያ በኋላ በሉ።

ዊኒፍሬድ